መርፌው ጭዱን አያሻሽልም

የደባርቅና የዳባት ገበሬ በሬ ሥጋ አልይዝ ያለው የቫይታሚን መርፌ ስላልተወጋ ነው የሚለው በጽሑፍ የወጣ አስተያየት ገና ከመነሻው ስቷል። በሬ አሳማ ወይም ዶሮ አይደለም፤ ቢ ቫይታሚኖችን በትልቁ ጨጓራው ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያመርቱለታል። እነሱ ደግሞ ከመኖው 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሻሉ፤ የገብስ ጭድ አብዛኛውን ጊዜ 4 በመቶ ያህል ነው ያለው። ክፍተቱን የሚደፍነው 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን የያዘው የኑግ ፋጉሎ እንጂ ብልቃጥ አይደለም። በበጋ ቫይታሚን ኤ ይጎድላል ለሚሉን፣ እውነት ነው፣ ጭድ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጉበት ግን ከክረምቱ ለምለም ሣር ያጠራቀመውን ለወራት ያቆያል፤ አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ ፀሐይ ሳያነጣው የደረቀ ድርቆሽም ይደጉመዋል። መርፌው የእጥረት ምልክት ላሳየ ከብት፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ ይሁን። ፋጉሎ ተወዷል? ተወዷል። ለዚህም ነው ጥቂቷ ብር ለመርፌ መዋል የሌለባት።