ማዲያት ያለባት ቀለም ያለውን ትግዛ

እኔ በምሠራበት ፋርማሲ ሰንስክሪን የሚጠይቁ ሴቶች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ለማዲያት ነው። ዕቃውን አንስተው መጀመሪያ የሚያዩት ኤስፒኤፍ የሚለውን ቁጥር ነው። 50 ከሆነ ደስ ይላቸዋል፤ 100 ከሆነ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይከፍላሉ። ከወራት በኋላ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር አልሠራልኝም» ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ማዲያት ፊቴ ላይ ስለወጣ ምሬታቸው ይገባኛል።

ኤስፒኤፍ የሚናገረው ክሬሙ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል ብቻ ነው። 30 የሚለው 97 በመቶ ገደማ፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ገደማ ያስቀራል፤ ልዩነታቸው ኢምንት ነው። በዓይናችን ስለምናየው ብርሃን ግን ቁጥሩ ምንም አይልም። ጠይም ቆዳ ላይ ማዲያትን ከሚያባብሱት አንዱ ደግሞ ይኸው ብርሃን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የሚታየው ብርሃን ጠቆር ያለ ቆዳን ለሳምንታት እንደሚያጠቁር፣ ነጭ ቆዳን ግን እንደማያጠቁር አሳይቷል።

ይህን ብርሃን የሚይዘው አይረን ኦክሳይድ ነው። የሲዳማንና የወላይታን አፈር ያቀላው፣ ቆርቆሮ ላይ ዝገት ሆኖ የሚታየው፣ የሐመር ሴቶች በቅቤ ለውሰው ጸጉራቸውን ለሚቀቡት ቀይ አፈር ቀለሙን የሰጠው እሱ ነው። ነጩን የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ወደ ሮዝ ቀይሮ ካላማይን ሎሽን ያደረገውም ከእሱ ጥቂት ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ ግን አፈር ይቀባ ማለቴ አይደለም። የተፈጥሮው እርሳስና አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል ለመዋቢያ የሚውለው በፋብሪካ ይሠራል።

ሰንስክሪን ውስጥ የሚገቡት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ጨረርን በደንብ ይይዛሉ፤ ችግራቸው ፊታችንን አመድ ማስመሰላቸው ነው። ፋብሪካዎች ነጭነቱን ለማጥፋት በጣም ያደቋቸዋል። ያኔ ክሬሙ ቆዳ ላይ አይታይም፤ የማይታይ ክሬም ደግሞ የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ማዲያት ያለባቸው ሰዎች ሁሉም አንድ ዓይነት መድኃኒት እየተቀቡ ለ8 ሳምንት ሲታዩ፣ ሰንስክሪናቸው አይረን ኦክሳይድ ያለበት የበለጠ ለውጥ አገኙ።

ማዲያት ከሆርሞንም ስለሚመጣ አይረን ኦክሳይድ የገባበት ቀለም ያለው ሰንስክሪን ብቻውን ያድነዋል አልልም። ነገር ግን ቀለም የሌለው ነጩ አልሠራ ያላት ሴት ቀጥሎ የምትሄደው የሚያቀላ ክሬም ፍለጋ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ቆዳዋን ያሳሳዋል፤ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ሜርኩሪ አለ። ይህን ጉዞ ማስቀረት የምንችለው መጀመሪያ ላይ ትክክለኛውን ብንሰጣት ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ካርቶኑን አዙሩት። ሲ አይ 77491፣ 77492 እና 77499 የሚሉት ቁጥሮች ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አይረን ኦክሳይድ ናቸው። ካጣችሁ ነጩን በደንብ ተቀብታችሁ ከላዩ ቀለሙ የሚስማማችሁን ፋውንዴሽን ደርቡ፤ ቀለሙን የሚሰጠው ያው ማዕድን ነው። ጃንጥላውም አይቅር።

የቆዳ ሐኪሞች «ሰንስክሪን» ብለው ብቻ አይጻፉ፤ «ቀለም ያለው» የሚለውን ይጨምሩበት። አስመጪዎችም ለፈረንጅ ፊት የተቀመመውን አንዱን ቀለም ብቻ እያመጡ «ገበያ የለውም» አይበሉን። ጠይሟም ጥቁሯም የሚስማማትን አይታው አታውቅም፤ ያላየችውን እንዴት ትግዛ? እኛም ባንኮኒው ጀርባ ያለነው ከፍ ያለውን ቁጥር መሸጥ ስለሚቀል ዝም አንበል። ከ50 ወደ 100 ለማደግ የምትከፍለው ብር ለቀለሙ ቢውል ለማዲያቷ የበለጠ ይጠቅማታል።