የነጣው ፓራውልት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና ጥቁር ፕላስቲክ ነው። አትሳቁ፣ ነገሩ ቤተሰብ ሊያኳርፍ ደርሶ ነበር።

ለማስተርስ ትምህርት ዳላስ ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ አጎቴ ናቸው። ያመጧት መኪና የ2006 ሥሪት፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ብርማ ቀለም ያላት ነበረች። እስከ ዛሬም አለች። ጋሼ ቀን መጋዘን ሠርተው፣ ማታ ምግብ ሲያደርሱ የኖሩት በእሷ ነው። ባለፈው ግንቦት ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ስታወጣ፣ «በይ እንግዲህ ያንቺ ናት» ብለው ቁልፉን ሰጧት።

ልጅቷ መኪናዋን ዞራ አየችና፣ «አባዬ፣ በዚህችማ ትምህርት ቤት አልሄድም። ተመልከታት፣ ሸብታለች» አለች። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ቁልፉን ከእጇ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤት ገቡ። እሳቸው ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

እውነት ለመናገር ልጅቷ አልዋሸችም። ቀለሙ ደህና ነው። ያረጀው ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ የፊትና የኋላው ፓራውልት፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለው ቅስት፣ በበሮቹ ላይ የሚያልፈው ጥቁር መስመር። አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። «ጋሼ፣ አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

አንዷ ቅዳሜ ሦስት ሆነች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ርካሽ የሆነ የሚያብረቀርቅ ቅባት ገዝቼ ቀባሁ። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ኩል መሰለ፤ እኔም ኮራሁ። ረቡዕ ዝናብ መጣ። ቅባቱ በቀለሙ ላይ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ መኪናዋ ያለቀሰች መሰለች። የቀረው ላይ ደግሞ አቧራ ተጣበቀበት።

በሁለተኛው ቅዳሜ የሚያቃጥል አየር የሚተፋ መሣሪያ ተዋስኩ። የፀጉር ማድረቂያ ይመስላል፤ ሙቀቱ ግን እጅግ ይበልጣል። ስታሳልፉት ነጩ ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ደስ ሲለኝ ስልክ ተጠራ፤ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ እንደያዝኩ አነሳሁት። የኋላው ፓራውልት ጥግ ተጨማደደ። ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «መኪናዋን ልታድሳት ነው ወይስ ልትጠብሳት?» አሉኝ።

ያን ቀን ማታ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ለምን እንደሚነጣ አነበብኩ። ሶፍትዌር ስሠራ ምክንያቱን ሳላውቅ ምንም አልነካም፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ይህን እረሳለሁ።

እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ዓይነት ይሠራል። ጥቁር የሚያደርገው ከውስጡ የተደባለቀው፣ ጥላሸት የሚመስል የካርቦን ዱቄት ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር የላይኛውን ስስ ሽፋን ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ሽፋኑ ይሻክራል፣ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ያወጣል፤ ብርሃን እዚያ ላይ ሲበተን ነጭ ሆኖ ይታየናል። ጥቁሩ ግን ከሥር አለ። የደረቀ ድንጋይ ውሃ ሲነካው እንደሚጠቁር አስቡት። ቅባቱም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁን ይሞላል፣ ዝናብ ሲያጥበው ነጩ ይመለሳል። ሙቀቱ ደግሞ የላይኛውን ሽፋን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ፀሐዩ እንደገና ይሰባብረዋል፤ እናንተ ግን ደጋግማችሁ ልታቀልጡት አትችሉም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷን ቀሰቀስኳት። «ጋሼ፣ ገና ሁለት ሰዓት ነው እኮ» እያለች ወጣች። (እኔንም ጋሼ ትለኛለች፤ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ!) ጥላ ሥር አቁመን በሳሙናና በብሩሽ አጠብን። ብሩሹን ስናነሳው አረፋው ግራጫ ነበር። ሦስት ጊዜ አጠብነው። ያለፈው ቅባቴ እንዳይቀር ደግሞ ቁስል በሚጠረግበት አልኮል ወለወልን። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ ቀለሙን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። ከዚያ ፕላስቲኩ ላይ ደርቆ የሚቀረውን መቀቢያ በትንሽ ስፖንጅ፣ በስሱ። መቀባቱ ከአንድ ሰዓት አልበለጠም፤ ጠዋቱን ሙሉ የፈጀው ማጠቡ ነው።

ጋሼ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ባምፐር» ስትል፣ «ፓራውልት በይ» አሏት። ከዚያ ማቆም አልቻሉም። ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ። «ይህ ሁሉ አማርኛ ነው?» አለች። ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ነገርኳት፤ ፓራውልት ግጭት የሚመክት፣ ፓራፋንጎ ጭቃ የሚመክት ማለት ነው። ጋሼ ግን፣ «እኛ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ሁሉ የሚናገረው አማርኛ ነው» ብለው ዘጉት።

አመሻሽ ላይ ወረቀቱን ላጥን። ልጅቷ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «አባዬ፣ ቁልፉስ?» አለች። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ። «ነገ። እስኪደርቅ አትነካም ተብሏል» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ማቆሚያ ፎቶ ላከችልኝ። ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ውሃው በጥቁሩ ፓራውልት ላይ ክብ ክብ ሆኖ ቆሟል። ያቃጠልኳት ጥግ እንደተጨማደደች ናት። ጋሼ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሷን ነው።