ጠመንጃው ሳይደርቅ እራት የለም

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ከፒያሳ ተነስታችሁ ዝናብ ሳያገኛችሁ ቤታችሁ ከደረሳችሁ እድለኞች ናችሁ። ጎንደር እንዲህ ስትሆን እኛ ቤት አንድ ሥራ አለ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲጨርሱ ተቆልፎ የከረመውን ሣጥን እከፍትና የአያቴን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አወጣለሁ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ከዚያ እወለውለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «አባዬ፣ አንተ አደን አትሄድም። ታዲያ ለምንድን ነው የምትወለውለው?» አለኝ።

እናቱ ከማድ ቤት ሆና ሳቀች። እኔ ግን ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ለእሱ በዚያ ምሽት የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አያቴ የዳባት ገበሬ ነበር። ጠመንጃው ሆዱ ላይ የቤልጅጓ ከተማ የሊዬዥ ማኅተም አለበት፤ እንዴት እጁ እንደገባ ግን አንድም ቀን አልነገረንም። ክረምት ሲሆን ገብሱንና ድንቹን ከዝንጀሮና ከጃርት ለመጠበቅ ይዞት ይወጣል፤ ሲቀናው ደግሞ ቆቅ ይዞ ይመለሳል። በዚያ ደጋ የነሐሴ ዝናብ ሲለው በረዶ፣ ሲለው ጉም ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰውም ጠመንጃም ሳይርስ አይገባም።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ጠመንጃው ሳይደርቅ እራት አይቀርብም። አያቴ የራሱን ጋቢ ሳይጨምቅ፣ እግሩን ሳይታጠብ፣ መጀመሪያ ጠመንጃውን ይሰብርና ጥይቱን ያወጣል። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ ያያል። ለምን እንደሚያይ ስጠይቀው፣ «ጭቃ ጎርሶ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በዝናብ ተንሸራተው ሲወድቁ አፈሙዝ ጭቃ ሊቋጥር ይችላል። እንደዚያ ሆኖ ከተተኮሰ ጋዙ መውጫ ያጣና ብረቱን ይፈነዳዋል፤ የተኳሹን እጅና ዓይን ይዞ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ጎረቤቶቹን ያስቅ ነበር። ተኩሶ የመጣ እንደሆነ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ በአፈሙዙ ውስጥ ያንቆረቁራል። «ዝናብ የጠገበን ብረት ደግሞ ውሃ ታጠጣዋለህ?» ይሉታል። እሱ ግን ልክ ነበር። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ሲተኮስ የሚተወው ቅሪት ከገበታ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው ነው። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ብረቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝጋል። ዘይት ይህን ጨው አያሟሟውም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። ውሃው ፈልቶ ሲሆን ብረቱን ስለሚያግለው ያው ውሃ ራሱ ቶሎ ይተናል። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከጨርቁ በኋላ ስስ ዘይት።

ይህን ብልሃት ከየት አመጣው ብትሉ፣ ከአባቱ ነው። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ካወጡት «ፉዚ ግራ» ነው፤ የሚተኩሰውም በጥቁር ባሩድ ነበር። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ ሳይታጠብ ያደረ ጠመንጃ ቶሎ ይበላሻል። ያን ዘመን ያሳለፉ አባቶች ውሃን ለጠመንጃ መድኃኒት ያደረጉት ወደው አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ጥይት አብዛኛው ይህ ጨው የለበትም፤ ለእሱ ደረቅ ጨርቅና ዘይት ይበቃዋል።

ሌላም ነገር ነበር። አያቴ ጠመንጃውን ከብርድ እንደገባ ወደ ምድጃው አያስጠጋውም፤ በረንዳው ላይ ትንሽ ያቆየዋል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ መስታወቱ ጉም ይለብሳል። ብረትም እንደዚያው ያልበዋል፤ የሚያልበው ደግሞ ጨርቅ በማይደርስበት በውስጡም ጭምር ነው። ሰደፉም እንጨት ነውና እሳት አጠገብ በችኮላ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ዘይትም ሲበዛ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ አያቴ ጥቂት ብቻ ይቀባና አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ያሳድረዋል። የቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አይከተውም፤ የራሰ ቆዳ እርጥበት ይዞ ይቆያልና። ዝናሩንም አይወደውም ነበር። ናስ ቀለህ በቆዳ ውስጥ ሲከርም አረንጓዴ ዝገት እንደሚያወጣ ያወቀ ሰው ጥይቱን በደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን ለብቻው ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ነው የማሳልፈው። አንድ ማታ አያቴ ለቅሶ ደርሶ ሌላ መንደር አደረ። ድንቹን ሊጠብቅ የወጣው አጎቴ ነበር። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ከላይ እስከ ታች ርሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ገባ። ጠመንጃውን ሰበረው። የአንደኛው አፈሙዝ ጥይት ወጣ፤ የሁለተኛው ግን አልወጣ አለ። በዚያን ጊዜ የአደን ጥይት ቀለሁ ከካርቶን የተሠራ ነበር። ካርቶን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ ከጉድጓዱ አይነቀልም። አጎቴ በጥፍሩ ሞከረ፣ በቢላ ጫፍ ሞከረ፤ አቃተው።

እማማ አዘነችለት። «ተወው ልጄ፣ ነገ ይደርቃል፤ ና እህል ቅመስ» አለችው። እሱም፣ «የራሰ ጥይት ምን ያደርጋል፣ ሞቷል» አለና ጠመንጃውን ገጥሞ ከመደቡ ጀርባ አቆመው። እራቱ ቀረበ። እኔ ነቅቼ ከብርድ ልብሱ ሥር እሰማ ነበር።

ጠዋት ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እማማ ላም ልታልብ ወጥታለች፤ አጎቴ ተኝቷል። ጠመንጃው እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። አነሳሁት፤ ከበደኝ፤ ሰደፉን መሬት አስደግፌ አያቴ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግሁ። ከኋላ ያለችውን መምቻ በሁለት እጄ ጎትቼ አቆምኩና ምላጩን ሳብኩ።

የሞተ የተባለው ጥይት አልሞተም ነበር። ቀለሁ አብጦ ነበር እንጂ ባሩዱ ውሃ አልነካውም። ከጆሮዬ አጠገብ አልፎ የቤቱን ቆርቆሮ ወንፊት አደረገው። እማማ የወተቱን ቅል ጥላ ስትሮጥ መጣች፤ ገላዬን በእጇ እየዳበሰች ደም ስትፈልግ እጇ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ ጆሮዬ ደህና አልሰማም፤ ልጆቼ ሲጠሩኝ በግራ በኩል የሚመጡት ለዚህ ነው።

አያቴ ከለቅሶው ሲመለስ አልተቆጣም። ወደ ላይ ቀና ብሎ ቀዳዳዎቹን አየ። አጎቴ ሊደፍን መሰላል ሲያመጣ ግን፣ «እስከ መስከረም ይቆይ» አለው። ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከመደቡ አጠገብ ሦስት ጣሳ እንደረድር ነበር። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ማናችንም አንናገርም።

ለልጄ የነገርኩት ይህን ነው። ጠመንጃ መወልወል ለእኔ ብረቱን ከዝገት ማዳን ብቻ አይደለም። ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። አያቴ ጠመንጃውን ከእራት ያስቀደመው ብረቱን ከልጆቹ ስለሚያስበልጥ አልነበረም። የደከመ ሰው «ነገ» እንደሚል ስለሚያውቅ ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1969 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተከለለ፣ በ1978 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የዋልያው አገር የአደን አገር አይደለም። በሌላውም ቦታ ቢሆን ያለ ፈቃድ ማደን አይቻልም። ጠመንጃው ግን በብዙ ቤት አለ። ከአባት የተወረሰ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ፣ ከአልጋ ሥር የተረሳ። ከእናንተ መካከልም እንዲህ ያለ ቅርስ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛ፣ ፈቃዱን አስተካክሉ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን አይፈቅድም፤ «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ለዓመታት ሳይነካ የከረመ፣ የዛገ ወይም ጥይት የነከሰ ጠመንጃ ካገኛችሁ «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ አትሞክሩት፤ ጥይቱንም በቢላ አትጎርጉሩ። አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ አድርጋችሁ ልጆቹን አርቁና የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ፤ ቁልፎቹም ልጆች በማያውቁት ቦታ ይሁኑ።

ልጄ ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ግራዬ ዞረና፣ «እራቱ ቀዝቅዟል፤ እማዬ እየጠበቀች ነው» አለኝ።

«ጠመንጃው ይድረቅ» አልኩት።

ጨርቁን አቀበለኝ።