ስግድ የጾም ቀን ነው!

ፈረንጆች ገናን የገበያ በዓል አደረጉት ብለን እናማለን። እኛስ ስግዳችንን? አምቦበር ላይ ወላጆቻችን ጾመው፣ አንዳንዶቹም ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው፣ ጸሎቱ ሳያልቅ እህል የሚቀምስ አልነበረም። በ2008 እ.ኤ.አ. ክኔሴት በሕግ የመንግሥት በዓል አደረገው፤ እሰየው። አሁን ግን ከፔታህ ቲክቫ በአውቶቡስ አርሞን ሃናጺቭ ደርሰን፣ ለቄሶቹ ጀርባችንን ሰጥተን ፎቶ እንነሳለን፤ በጠዋቱ ሳንድዊች ይከፈታል። «ኢየሩሳሌም ገብተን የለ፣ ምን እንለምናለን?» የሚሉኝ አሉ። ስግድ እኮ ቃል ኪዳን ማደሻ ነው፤ አውሮፕላን አይተካውም! ደግሞስ ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩት ዘመዶቻችንስ? ወታደር ቤት ለሰልፍ ስንት ሰዓት ቆመናል፤ ለጸሎት መቆም ከበደን? ዘፈኑን ለማታ አድርጉት፣ ዳቦውንም ከጸሎት በኋላ።