ቀለም ያሸነፈው ጦርነት

«ጥበብ የሚያብበው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ነው» የሚለውን አባባል ደጋግመን እንሰማለን። ለማስረጃም የፋርስና የሕንድ ነገሥታት በመጻሕፍት ገጽ ላይ ያሣሏቸው ጥቃቅን ሥዕሎች ይጠቀሳሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ተማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ግማሽነቱ ስለ ሆነ በዝምታ አናልፈውም።

የሕንዱ የሞጎል ንጉሥ ሁማዩን በ16ኛው መቶ ዓመት ከፋርስ ያስመጣቸው ሠዓልያን፣ በልጁ በአክበር ዘመን ለገነነው የሥዕል ቤት መሠረት እንደ ጣሉ አንክድም። ወርቁንም ቀለቡንም የሰጠ ንጉሥ ነው። ነገር ግን ቀለብ ሰጪው የሚሣለውንም ያዝዝ ነበር።

ለዚህ ምስክራችን የአገራችን ልጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው መሊክ አምበር፣ በሕንድ ደካን የአሕመድነጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን ደረሰ፤ የሞጎልንም ጦር ለብዙ ዓመታት አስጨነቀ። ንጉሥ ጃሃንጊር ሊይዘው አልቻለም። በ1616 ገደማ ግን ሠዓሊው አቡል ሐሰን ለንጉሡ አንድ ሥዕል ሣለለት። በሥዕሉ ላይ ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ላይ የተሰካውን የመሊክ አምበርን ራስ በፍላጻ ይነድፋል። ሥዕሉ ዛሬ በደብሊን ከተማ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መሊክ አምበር ግን እስከ 1626 ኖሮ፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በተፈጥሮ ሞት ዐረፈ። ከሞጎል ሠዓልያን አንዱ የሆነው ሃሺም በ1620 ገደማ ሲሥለውም ግርማው እንዳልተነካ አድርጎ ነው።

ይህን ፍርድ በባዕድ ላይ ብቻ አንፈርድም። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉ ትሕትናቸውን ሲያሳይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አሠሪ እሳቸው መሆናቸውንም ያስታውሳል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ ሥዕል ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። ስለዚህ በሁሩሙም ሆነ በመቱ ያሉ መምህራን የአቡል ሐሰንንና የሃሺምን ሥዕሎች ጎን ለጎን አቁመው፣ «ማን አሣለው? ምን ተመኘ? በእርግጥስ የሆነው ምንድን ነው?» ብለው ተማሪዎቻቸውን ይጠይቁ እንላለን። የባርያ ንግድ ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ብዙ ልጆችን ነጥቋልና፣ የተሸጠ ልጅ ታሪክ ለኢሉባቦር ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የሥዕሉን ውበት ያድንቅ፤ ያልተቆረጠውን ራስ ግን ተቆርጧል ብሎ አይመን።