ስንት እናመጣለን ወይስ ምን አስገባን?

«ስንት እናመጣለን?»

በየአራት ዓመቱ ኦሎምፒክ ሲቃረብ ይህች ጥያቄ ከካፌ እስከ መኝታ ክፍል ትዞራለች። በ2024 የፓሪሱ ሊከፈት ሰሞን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) በእኛም ፎቅ ከአንድ በር ጀርባ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ስም፣ ከስሙ ትይዩ ቁጥር። አንዱ ስድስት ወርቅ ብሏል። ሌላው አሥር። አንዱማ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ እየሰረዘ ከፍ አድርጎታል፤ ጎረቤቱ እንዳይበልጠው ነው መሰለኝ። የተሸነፈ ለአሸናፊው ሻይና ፓስቲ ሊጋብዝ ተማምለናል። ውጤቱ 1 ወርቅና 3 ብር ሆነ። ፓስቲውን የበላ የለም። ወረቀቱ ተቀደደ። ትንበያውን የጻፈ ማንም አልተጠየቀም፤ ሯጮቹ ግን ተሰደቡ።

ጠቤ ከዚህ ይጀምራል።

በግቢያችን ስለ ሜዳሊያ ትንበያ ሁለት ወገን አለ። የመጀመሪያውን ባለ ወኔ እለዋለሁ። «እኛ የአበበ ልጆች ነን፣ ቁጥር አይገዛንም» ባይ ነው። ሁለተኛው ባለ ቀመር ነው። የኢኮኖሚክስ ወይም የስታትስቲክስ ተማሪ የሆነ እንደሆነማ ይብስበታል፤ «የነፍስ ወከፍ ገቢህን ንገረኝ፣ ሜዳሊያህን እነግርሃለሁ» ይላል። ሁለቱ ሲነታረኩ ያመሻሉ። እኔ ግን ሁለቱም ከአንድ ጥያቄ እየሸሹ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ባለ ወኔውን እናስቀድም።

ወንድሜ ሆይ፣ ቀመር ስትሰማ ለምን ትቆጣለህ? ቀመሩ እኮ በአብዛኛው ዓለም ላይ ይሠራል! አንድሩ በርናርድና ሜገን ቡሲ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ አገር የሜዳሊያ ድርሻ ከጥቂት ነገሮች ተነሥቶ ሊገመት እንደሚችል አሳይተዋል፦ የሕዝቡ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢው፣ አስተናጋጅ መሆን አለመሆኑ፣ ኢኮኖሚው በመንግሥት ዕቅድ መመራት አለመመራቱ፣ በመጨረሻም ባለፈው ኦሎምፒክ ያገኘው ድርሻ። ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ፈረንሳይ በቶኪዮ 33 ሜዳሊያ አግኝታ በራሷ ከተማ በፓሪስ 64 አገኘች። ጃፓን በሪዮ 41፣ በአገሯ በቶኪዮ 58። የሕዝብ ብዛት ብቻውን እንደማያዋጣ ደግሞ ሕንድ ትመስክር፤ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ በፓሪስ ያገኘችው 6 ነው፤ ያውም አንድም ወርቅ የሌለበት። ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሆላንድ ግን 34 ሜዳሊያ ወሰደች፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ ወርቅ ነው። ገንዘብ ይሮጣል፣ ይዋኛል፣ ብስክሌት ይነዳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣና እንቁጠር። በፓሪስ ለወርቅ የተካሄደው ውድድር 329 ነው። እኛ ሜዳሊያ የምንጠብቀው በስንቱ ነው? 800፣ 1,500፣ 3,000 መሰናክል፣ 5,000፣ 10,000፣ ማራቶን። ስድስት ርቀት ነው፤ በወንድና በሴት አሥራ ሁለት። ከ329ኙ 12! በአንድ ውድድር አንድ አገር ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም። እንግዲህ በአሥራ ሁለቱም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ጠራርገን ብንወስድ እንኳ 36 ነው፤ ይህም በሕልም ካልሆነ በቀር የለም። በ1956 ሜልቦርን ላይ መሳተፍ ከጀመርን ወዲህ በአንድ ኦሎምፒክ ከ8 ሜዳሊያ አልፈን አናውቅም። ታዲያ አሥር ወርቅ የጻፍከው ወንድሜ ከየት ልታመጣው ነበር? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል?

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። ግን አይደለም። ወኔን ብቸኛው የድል ምክንያት ያደረገ ሰው፣ ሯጩ ሲሸነፍ «ወኔ አነሰው» ከማለት ሌላ ምክንያት አይኖረውም። ሜዳው፣ ሐኪሙ፣ አሠልጣኙ፣ የቡድን አመራረጡ ሁሉ ከተጠያቂነት ያመልጣል። ተጠያቂዋ በመጨረሻው ዙር የቀረችው ልጅ ብቻ ትሆናለች። ውዳሴ መስሎ የተጀመረው ነገር በስድብ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለ ቀመሩ ልዙር፤ አጨብጭቦልኝ ከሆነ እጁን ይሰብስብ።

ያንተ ቀመር ስለ እኛ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንትን። የነፍስ ወከፍ ገቢያችንን ብቻ አይቶ ቢፈርድ ከቁጥር የሚያስገባን አልነበረም። ወደ ሰንጠረዡ የሚመልሰን «ባለፈው ጊዜ ይህን ያህል አግኝተው ነበር» የሚለው መሥመር ነው። እንግዲህ ሀብታሞቹን ያብራራል፣ እኛን ግን ያስታውሰናል እንጂ አያብራራንም። ማስታወስና ማወቅ ይለያያል።

በ1956 ከሜልቦርን አንድም ሜዳሊያ ሳንይዝ ነው የተመለስነው። በ1960 ትናንትናችን ዜሮ ነበር ማለት ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከየትኛው የቀመሩ መሥመር ወጣ?

በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሁለት ወርቅ ወሰደ፤ መሐመድ ከድርና እሸቱ ቱራ ነሐስ ጨመሩ። ድምሩ 4። በዚህ ተነሥተህ የ1984ን ገምት እስቲ! መልሱ ዜሮ ነው፤ አልሄድንማ። በ1976 ሞንትሪያልም፣ በ1984 ሎስ አንጀለስም፣ በ1988 ሴኡልም አልነበርንም። የ1976ቱ በአፓርታይድ ምክንያት አፍሪካ ያደረገችው ተቃውሞ ነው፤ ለክብር የተከፈለ ዋጋ ነው ቢባል ያስኬዳል። የቀሩት ሁለቱ ግን በሌሎች ጎራ ጠብ የእኛ ልጆች የከፈሉት ዕዳ ነው። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ ያመለጠውን ኦሎምፒክ የሚመልስለት የለም። በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ ነው «ያልተሮጠ» የሚል ዓምድ ያለው?

ሌላም አለ። ታምራት ቶላ ለፓሪሱ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ገባ፤ ገብቶም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ 24 ዓመት የጠፋውን የወንዶች ማራቶን ወርቅ መለሰ። በፓሪስ ያገኘነው ብቸኛ ወርቅ ይህ ነው። ተጠባባቂን በወርቅ ዓምድ የጻፈ ተንባይ ካለ ይምጣና ፓስቲውን ይብላ!

ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 ሪዮ ላይ በማራቶን ሁለተኛ ሲገባ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ገባ። ዓለም ሁሉ ያ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። ሰንጠረዡ ምን ጻፈ? «ብር፣ 1»። ቁጥር መዋሸቱ አይደለም፤ የሚናገረው ግን ከሚደብቀው ያንሳል።

ቢያንስ ያለፈው ይታወቃል እንዳትለኝም። ሶፊያ አሰፋ በ2012 ለንደን በመሰናክል ነሐስ ነበር ያገኘችው። ከዓመታት በኋላ ቀድማት የገባችው ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተሰርዛ ነሐሷ ወደ ብር ተዛወረ። ትናንትም ይለዋወጣል እንግዲህ።

አሁን ሁለቱም ወገን አብሮ የሚሸሸውን ጉዳይ ላንሳ።

በፓሪስ የሴቶች ማራቶን ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ብር አገኘች። ወርቁን የወሰደችው ሲፋን ሐሰን ናት፤ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ። ልዩነቱ ሦስት ሴኮንድ ነው። ሲፋን የተወለደችው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በ2008 ገና ልጅ ሳለች በስደት ሆላንድ ገባች፤ የሩጫ ሕይወቷም እዚያ ተገነባ። ሰንጠረዡ ወርቁን በሆላንድ፣ ብሩን በኢትዮጵያ አንጻር ጻፈ።

ያን ቀን በግቢያችን ሲፋንን የሚራገም ሰምቻለሁ። ምን አድርጋ? ጥላ ሄደች እንዴ? ልጅ ነበረች፤ ስደተኛ ነበረች። ባለ ወኔው «ከዳችን» ይላል። ባለ ቀመሩ «ያው የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው» ብሎ ትከሻውን ይሰብቃል። የነፍስ ወከፍ ገቢ ማለት እኮ ሥጋ ሲለብስ ይህ ነው፤ አንዲት ልጅ መሮጫ ሜዳ፣ ሐኪምና ሰላማዊ እንቅልፍ ያገኘችው በየትኛው አገር ነው ማለት ነው። ሁለት እህቶቻችን በሦስት ሴኮንድ ተቀዳድመው ሲገቡ ማየት የነበረብን ክህደትን አልነበረም፤ ምን እንዳለንና ምን እንዳላስገባን ነበር።

በአርሲ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ወጡ። በየትኛውም ቀመር «በቆጂ» የሚል ተለዋዋጭ የለም። እኛም ብንሆን በሙሉ አፋችን «ኢትዮጵያ ስንት ታመጣለች» ስንል የምንጠይቀው ጥቂት ወረዳዎችን ነው። የቀረው አገር በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን በጨርቅ ኳስ ያሳልፋል፤ ከዚያ በየአራት ዓመቱ ወርቅ ይጠይቃል። ያልዘራ ሰው ጎተራ ይዞ አውድማ ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ነን።

«እንግዲያው መንግሥት ዕቅድ ያውጣ፣ ቁጥር ይመደብ» የሚል ይኖራል። ቆይ ጓድ! ቁጥር ትእዛዝ ሲሆን የሚመጣውን ምሥራቅ ጀርመን አሳይታናለች። ወደ 17 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ በ1976 ሞንትሪያል 40 ወርቅ ወሰደች። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ሰነዱ ሲወጣ፣ ምን እንደሚውጡ ላልተነገራቸው ታዳጊ ልጆች ሳይቀር መድኃኒት በዕቅድ ሲሰጥ እንደነበረ ታወቀ። ቀመሮቹ «በዕቅድ የሚመራ ኢኮኖሚ» ብለው በሚደምሩት ነጥብ ውስጥ የእነዚያ ልጆች አካል አለበት። እንዲህ ያለ ወርቅ ይቅርብን።

ታዲያ አንተንብይ ነው የምለው? አይደለም! መተንበይስ እንተንብይ፤ ግን እንደ ተማሪ እንጂ እንደ ጠንቋይ አይሁን። ጠንቋይ ሲሳሳት አይጠየቅም፤ ተማሪ ግን ሥሌቱን ማሳየት አለበት።

ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በራችን ላይ ሌላ ወረቀት እንለጥፍ። ሁለት ዓምድ ይኑረው። በግራው «ምን አስገባን» ይባል፦ በእነዚህ አራት ዓመታት የት አዲስ መሮጫ ሜዳ ተሠራ? የተጎዳ ሯጭ የሚታከምበት ተገኘ ወይ? ቡድኑ የተመረጠው በተነገረ መመዘኛ ነው ወይስ በመጨረሻው ሳምንት ጭቅጭቅ? በቀኙ ትንበያው ይጻፍ፤ በጅምላ ሳይሆን ውድድር በውድድር፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው፣ ከነምክንያቱ። ጸሐፊው ይፈርምበት። ኦሎምፒኩ ሲያልቅም ወረቀቱ አይቀደድ፤ የተሳሳተ ሰው ምን እንዳሳሳተው ከሥሩ ይጻፍበት።

ሌላውን አዝዤ እኔ አላመልጥም። ከሲድኒ እስከ ሪዮ በአምስት ኦሎምፒክ ከ7 ሜዳሊያ ያነሰ አላገኘንም። በቶኪዮ 4፣ በፓሪስ 4። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኛ በፓስቲ ስንወራረድ ግማሹ ተናደ። የግራው ዓምድ ባዶ ከሆነ የቀኙ የሚያድግበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ለ2028 ከ4 እስከ 6 ብያለሁ፤ ከዚያም ወርቁ ከ2 አይበልጥም። የግራው ዓምድ ከተሞላ ቁጥሬን በደስታ አነሣለሁ።

ፈርሜአለሁ። ብሳሳት እኔን ስደቡ። ልጅቷን ግን ተዋት፤ እሷ ድርሻዋን ሮጣለች።