ኮንደንሰር ከመግዛት በፊት

በምሥራቅ ጎጃም እንደ አማኑኤል ባሉ ከተሞች ወፍጮ ሲነሳ የጎረቤት አምፖል ደብዘዝ ይላል። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል። የዚህ መድኃኒቱ ወፈር ያለ ሽቦና ቀረብ ያለ ትራንስፎርመር ነው።

በአገር ደረጃ ሲሆን ግን መፍትሔውም ይገዝፋል። ሌላው ዓለም ሲንክሮነስ ኮንደንሰር የሚባል ማሽን እየገዛ ነው። ማሽኑ ነዳጅም ውሃም ሳያስፈልገው ከግሪዱ ጋር እኩል እየዞረ ቮልቴጅ ይደግፋል፤ ድንገተኛ መናጋትንም በክብደቱ ያለዝባል። ደቡብ አውስትራሊያ በ2016 እ.ኤ.አ. ግዛቷ በሙሉ ጨልሞ ነበር፤ በ2021 አራት ማሽኖች ሥራ አስጀመረች። ገበያውን ያደራው ይኼን ድጋፍ ይሰጡ የነበሩ የከሰል ጣቢያዎች መዘጋትና በቦታቸው የፀሐይና የነፋስ ኃይል መተካት ነው።

ኢትዮጵያስ?

አብዛኛው ኃይሏ ከውሃ ነው። የህዳሴ ግድብና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በለስ ሲሠሩ፣ ከባድ ጄኔሬተሮቻቸው ይኼንኑ አገልግሎት ከኃይሉ ጋር አብረው ይሰጣሉ። በእጅ ያለውን በውጭ ምንዛሪ መግዛት ምን ይባላል?

የመግዛት ጥያቄው የሚነሳው እንደ አይሻ ባሉ፣ ከትልልቅ ግድቦች በራቁ ቦታዎች የነፋስ ጣቢያዎች ሲበራከቱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያኔም ቢሆን ጥናቱን ከጨረታው ያስቀድም።